የምንሽሯ ድብዳብ

ደብረ ወርቅ ገበያ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ እንዳላማው የሚባል ኮርቻ ሰፊ አለ። አባቱም ኮርቻ ሰፊ ነበሩ፤ ወስፌውም፣ መቀመጫ ዱካውም፣ ሙያውም ከእሳቸው የወረደ ነው። ሥራው እንዲህ ነው። ጥሬውን የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፈዋል፤ ሲለሰልስለት በዋንዛው እንጨት ላይ ወጥሮ በጠፍር ይሰፋዋል፤ ከዚያ ለፀሐይ ይተወዋል። ቆዳው እየደረቀ ሲሄድ ይሰበሰባል፣ እንጨቱንም ጥርቅም አድርጎ ይይዘዋል። እንዳላማው የሰፋው ኮርቻ በቅሎዋ ገደል ብትገባ እንኳ ከእንጨቱ አይላቀቅም ይባልለት ነበር። ሲባልለት ሲሰማም ደስ ይለዋል።

ችግሩ በቅሎ የሚጭን ሰው እየጠፋ መምጣቱ ነው። መንገዱ ተጠረገ፣ ሚኒባስ መጣ፣ ከዚያም ባጃጅ ተከተለ። ተዝካር ለመሄድ በቅሎ ያስጭኑ የነበሩ ቄሶች ሳይቀሩ ከሾፌሩ ጎን መቀመጥ ለመዱ። እንዳላማው ኮርቻ ከሰፋ ብዙ ጊዜው ሆኖ ነበር፤ የተበጠሰ የቦርሳ ማንገቻና የተቀደደ ጫማ እየጠገነ፣ ሚስቱ ዘመናይ እዚያው ደጃፍ ላይ ጌሾና ጨው እየሸጠች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ሳይራቡ ይኖራሉ። ዘመናይ ቀልድ ታውቃለች። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር፣ «ሂድና ለካው፤ ኮርቻ ያስፈልገው ይሆናል» ትለዋለች።

የገና ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ አንድ ቅዳሜ፣ ያለምወርቅ የምትባል ሴት በጋቢ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ታቅፋ ወደ ሱቁ መጣች። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከሚካኤል አጥቢያ ነች። ባሏ አምደሚካኤል ባለፈው ዓመት ነው ያረፈው።

«ጋሼ እንዳላማው፣ ለበቅሎ ሳይሆን ለኔ ድብዳብ ይሰፉልኛል?» አለችው።

ድብዳብ ማለት ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈው፣ የበቅሎዋን ጀርባ ከእንጨቱ የሚያድነው ወፍራሙ መከታ ነው። እንዳላማው ምን እንደሚመልስ ሲያስብ ዘመናይ ቀደመችው።

«ማን ሊጭንሽ ነው፣ እታለም?»

ያለምወርቅ ባሏ ከሞተ ወዲህ እምብዛም አትስቅም ነበር፤ አሁን ግን ሳቀች። ጋቢውን ፈታ ያቀፈችውን አሳየቻቸው። አሮጌ ምንሽር ጠመንጃ ነበረች። ጥይት እንደሌለባት ከፍታ ካሳየች በኋላ እንዳላማው ጭን ላይ አስቀመጠችለት። ከዚያ ነገሩን አጫወተችው።

ጠመንጃዋ የባሏ አባት ንብረት ነበረች፤ ከአባት ወደ ታላቁ ልጅ ወደ አምደሚካኤል ወረደች። አምደሚካኤል ሲሞት ታናሽ ወንድሙ ባዘዘው፣ «ጠመንጃ ለሚተኩስ ነው፤ እሷ አትተኩስም፣ ልጇም ገና ልጅ ናት፤ ለእኔ ትገባለች» ብሎ በሽማግሌ ፊት ጠየቀ። ያለምወርቅ ደግሞ ማሳዋ ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው። ዝንጀሮው ከታች እየወጣ እህሏን ይጨርሰዋል፣ ጅቡ በረቷን ይዞራል። ከዚያ ሁሉ በላይ ግን ያች ጠመንጃ ከምሰሶው ላይ ከወረደች ቤቱ የአምደሚካኤል ቤት መሆኑ የሚቀር ይመስላታል።

ሽማግሌ ሆነው የተቀመጡት የንስሐ አባታቸው ቄስ ኪዳነ ማርያም ነበሩ። አባ የሁለቱንም ሰምተው ፈረዱ። በቃና ዘገሊላ ዕለት፣ ታቦተ ሚካኤል ገብቶ የአጥቢያው ሰው ዒላማ በሚተኩስበት ሰዓት፣ ያለምወርቅም ትተኩስ። ሦስት ጥይት ይሰጣት። ዒላማውን ካገኘች ጠመንጃዋ በቤቷ ትቅር፤ ካጣች ባዘዘው ይውሰዳት። ባዘዘው በፍርዱ ተስማማ፤ አንድ ነገር ግን ጨመረ።

«ማንም ይውሰዳት፤ ወንድሜ እንደ ተዋት ትሁን። ሳትቆረጥ፣ ሳትበሳ፣ ሳትፋቅ።»

አባም፣ «ይህ ደግ ነገር ነው» ብለው አጸኑት።

«ታዲያ መተኮስ አትችይም?» አላት እንዳላማው።

«እችላለሁ እንጂ። አምደሚካኤል አስተምሮኛል። ነገር ግን በልጅነቴ ከበቅሎ ወድቄ ይሄ ትከሻዬ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው ጠግኖኛል፤ አጥንቱ ግን ጎብጦ ነው የገጠመው። ይቺ ደግሞ ስትተኮስ ትራገጣለች። የሰደፏ ብረት እዚያው አጥንቱ ላይ ያርፋል። አንዴ ከተኮስኩ ለሁለተኛው ዓይኔ ቀድሞ ይጨፈናል።»

ደብረ ማርቆስ ወርዳ አንድ ባለሙያ አማክራ ነበር። ሰውየው የሚያውቀውን ነገራት፤ ሰደፉን ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ በቦታው ጎማ በብሎን ማሰር ይቻላል አላት። ያለምወርቅ ጠመንጃዋን በጋቢዋ ጠቅልላ ተመለሰች። ሰደፉ ላይ፣ ከብረቱ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ አምደሚካኤል በጋለ ብረት ያተማት ትንሽ መስቀል አለች። ከመስቀሏ ሥር ደግሞ ፀጉር የምታህል የቆየች ስንጥቅ ትታያለች።

እንዳላማው አውራ ጣቱን በመስቀሏ ላይ አሳለፈ። «ጠመንጃ ሠርቼ አላውቅም። ጀርባ እንዳይቆስል ማሰብ ግን ሥራዬ ነው። ትከሻም ያው ጀርባ ነው» አላት።

ሥራውን በደስታ ጀመረው። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ የሰደፉን ቅርጽ የያዘ ቁራጭ አወጣ፤ በላዩ የተዳመጠ የበግ ፀጉር ደረበ። ብረቱንም፣ ብሎኖቹንም አልነካም። ከዚያ እጁ የለመደውን አደረገ። ጥሬ ቆዳ ዘፍዝፎ፣ እርጥቡን እንደ ካልሲ በሰደፉ ላይ አጥልቆ፣ ወጥሮ ሰፋውና ለፀሐይ ሰጠው። ሲደርቅ ከጠመንጃዋ ጋር አብሮ የተወለደ ይመስል ነበር። ያለምወርቅ ወስዳ ከማሳዋ በታች ባለው ገደል ተኮሰችባት። በሳምንቱ ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር።

«ጋሼ፣ እንደ ትራስ ነው የገፋችኝ። ዓይኔን አልጨፈንኩም» አለችው።

«ተመስገን። በይ አሁን ላውልቀውና እንዴት እንደሚወጣ ላሳይሽ» አለና ያዘው።

አልወጣም። ከላይ ሳበው፣ ከታች ገፋው፣ ንቅንቅ አላለም። ጉልበቱን ሰብሰብ አድርጎ ደግሞ ሲስበው ከውስጥ ሲጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሁለቱም ደነገጡ። እንዳላማው እጁን ለቀቀ። ቆዳው ሲሰበሰብ እንጨቱን ነክሶታል፤ ያች ፀጉር የምታህለው ስንጥቅም ከሥሩ ነች። ከዚህ በላይ ቢጎትት ትከፈታለች። በቢላዋ ቢቀደው ስለቱ እንጨቱን ይጭረዋል፤ ምናልባትም መስቀሏን።

የገበያ ቀን ነበረና ባዘዘው በዚያው ሲያልፍ አያቸው። ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለና ቆዳውን በጣቱ ኳ ኳ አደረገው።

«ይሄማ ተጋብቷል። በቁርባን ነው እንዴ?» አለ።

«ይወልቃል» አለ እንዳላማው።

«አንተ የሰፋኸው ምን ወልቆ ያውቃል? አገር የሚያውቅህ በዚህ አይደል?» ባዘዘው ይህን ሲል እየሳቀ ነበር፤ ወደ ያለምወርቅ ሲዞር ግን ሳቁን ተወ። «እኅቴ፣ ክፉ ልናገርሽ አይደለም። ግን የተባለውን ታውቂያለሽ። ይሄን ለብሳ ከቀረች ወንድሜ እንደ ተዋት አይደለችም። ተሰንጥቃ ከወጣችም አይደለችም። ዒላማውን ብትመቺ እንኳ ምን ዋጋ አለው?»

እሱ ከሄደ በኋላ ያለምወርቅ ወደ እንዳላማው ዞረች። «ባክዎን እንዳይቀዱት» አለችው። እንዳላማውም ጠመንጃዋን ትታለት እንድትሄድ ለመናት። ጥምቀት በሚቀጥለው ሳምንት አጋማሽ ነበር።

በማግሥቱ እሑድ ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ተቀመጠ። ባዘዘው የተናገረው ስድብ አልነበረም፤ እውነት ነበር፤ የቆረቆረውም ለዚያ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንዳይፈታ አድርጎ ሲሰፋ ኖሯል። ተፈትቶ የሚመለስ ነገር እንዲሠራ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ያለምወርቅ እሱን ብላ ባትመጣ ኖሮ ሌላ መላ ታገኝ ነበር። አሁን የሙት ባሏን ጠመንጃ ሊያሳጣት የቀረበው ባዘዘው ሳይሆን እሱ ነው።

ዘመናይ ጸበል ይዛ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ብለህ ጸለይክ?» አለችው።

«እጄን ምራልኝ አልኩት።»

«እጅህማ ይኸው ነው። ይልቅ እንዳታኮርፈኝ እንጂ አንድ ነገር ልጠይቅህ። የአባ ኪዳነ ማርያም በቅሎ ጀርባዋ ቆስሎ፣ ድብዳቡ ከቁስሏ ጋር ተጣብቆ የመጣች ጊዜ እንዴት ነበር ያነሣህላት?»

እንዳላማው ቀና ብሎ አያት። ያን ጊዜማ አልጎተተም። የተጣበቀ ድብዳብ ቢጎትቱት ቆዳዋን ይዞ ይነሣል። ቁስሉን ዙሪያውን ቅቤ ቀባው፣ ከላይ በኩል ድብዳቡን ብቻ በሞቀ ውኃ እያረጠበ ጠበቀ፣ እስኪለቅ ድረስ በቅሎዋን እያባበለ ቆየ። ኋላ በራሱ ጊዜ ለቀቀ።

«አንቺ ሴትዮ» አለና ተነሣ።

ሰኞ ጠዋት ሥራውን ያዘ። ቅቤ አቀለጠና ቆዳው ከእንጨቱ በሚገናኝበት ጠርዝ ዙሪያውን በላባ አጠጣ፤ ውኃ ወደ እንጨቱ እንዳያልፍ ቅቤው ይከለክለዋል። ከጠርዙ በላይ ያለውን እንጨትም፣ የብሎኖቹንም አካባቢ ቀባ። ከዚያ ጨርቅ በሞቀ ውኃ ነክሮ፣ ጨምቆ፣ ቆዳውን ብቻ ጠቀለለው። ሲቀዘቅዝ ይለውጠዋል። ዘመናይ ማሰሮውን እያሞቀች ታቀብለዋለች። ደንበኛ ሲመጣ፣ «ዛሬ በሽተኛ አለብን» እያለች ትመልሳለች።

ከሰዓት በኋላ ቆዳው እንደ መጀመሪያው ለሰለሰ። ስፌቱን ከላይ በኩል በወስፌ አንድ በአንድ እያነሣ ፈታው። ቢላዋ አላስጠጋም፤ ከበሬ ቀንድ ቀጭን ምላስ ፍቆ፣ ቅቤ ቀብቶ፣ በቆዳውና በእንጨቱ መካከል ቀስ እያደረገ አስገባ። ቀንድ እንደ ቢላዋ ስለት የለውም፤ ቢስት እንኳ አይጭርም። አንድ ጎን ለቀቀ። ሌላውም ለቀቀ። ቆዳው ከበግ ፀጉሩና ከጎማው ጋር እጁ ላይ ወደቀ።

እንዳላማው ሰደፉን በደረቅ ጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አወጣው። መስቀሏ እንደ ነበረች ነች። ስንጥቋም ፀጉር እንዳከለች አለች፤ አልተከፈተችም። እንጨቱ ቅቤውን ጠጥቶ እንደ ተወለወለ ያበራል። ጠመንጃዋን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ሰገደ፤ ከዚያ መቀመጫው ላይ ተመለሰ። ጥምቀት ሊደርስ ሌላ ድብዳብ መስፋት ነበረበት፤ በዚህ ጊዜ የሚፈታ።

ሁለተኛውን በለፋ የበግ ሌጦ ሠራው፤ ፀጉሩ ወደ እንጨቱ ዞሮ። ጥሬ ቆዳ የሚባል አላስጠጋም፤ እርጥብም አልሰፋም። በሁለቱ ጎኖች ጆሮ አወጣለትና፣ ኮርቻ በበቅሎ ሆድ ሥር እንደሚታሰረው፣ በሰደፉ ቀጭን ወገብ በኩል የሚጠብቅ ጠፍር አደረገለት። ቋጠሮው ጫፉን ሲስቡት የሚፈታ ነው። ያለምወርቅ የከተራ ዕለት መጥታ ወሰደችው። እሱ ሳይነካ እሷው እንድታስር፣ እሷው እንድትፈታ አደረጋት። ጥይት ስለ ጨረሰች ግን ልትሞክረው አልቻለችም።

ቃና ዘገሊላ ደረሰ። ታቦተ ሚካኤል በዝማሬና በእልልታ ገባ። ሕዝቡ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ወዳለው መስክ ወረደ። ከመስኩ ማዶ፣ አፈሩ እንደ ግድግዳ በቆመበት ተረተር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ቅል ተቀምጧል። ወንዶቹ በየተራ ተኮሱ፤ የመታም፣ የሳተም ነበር። ባዘዘው በመጀመሪያው ጥይት ቅሉን በትኖ ተጨበጨበለት። ከዚያ አዲስ ቅል ተቀመጠና አባ ኪዳነ ማርያም፣ «ያለምወርቅ» ብለው ጠሩ።

ነጠላዋን አደግድጋ ወጣች። ሰደፉ ላይ የተጠለቀውን ድብዳብ ሲያዩ ጥቂት ሰዎች አጉረመረሙ። «ለጠመንጃውም ካባ አለበሱት» አለ አንዱ። ባዘዘው እጆቹን አጣምሮ ቆሟል።

የመጀመሪያው ጥይት ከቅሉ በላይ አፈሩን መታው። ያለምወርቅ ፊቷን አልቋጠረችም፤ ትከሻዋ አላመማትም። እንዳላማው ግን ከሰዉ መሀል ሆኖ አየው፤ ስትተኩስ ሰደፉ በድብዳቡ ውስጥ ተንሸራቷል።  በደንብ የማይጠብቅ ድብዳብ ሰጥቷት ኖሯል ማለት ነው? ሁለተኛውን ለማጉረስ ስትዘጋጅ፣ የአባቱ የመጀመሪያ ትምህርት ትዝ አለው። በቅሎ ሲጭኗት ትንፋሿን ሳብ አድርጋ ሆዷን ትነፋለች። የዋህ ሰው ያኔ አስሮ ይወጣባታል፤ ጥቂት እንደ ሄደች ሆዷን ትለቀዋለች፣ ኮርቻው ይዞራል። አዋቂ ግን ጥቂት ያስኬዳትና እንደገና ይስባል። የበጉ ፀጉርም በመጀመሪያው ጥይት ተጨፍልቆ ወርዷል።

«እታለም» አላት ከቆመበት። «ሆዷን ለቃለች። እንደ በቅሎ አድርገሽ ደግመሽ ሳቢያት።»

ሰው ሳቀ። ያለምወርቅ ግን አልሳቀችም፤ ከበቅሎ ወድቃ ትከሻዋ የተሰበረው ኮርቻ ዞሮባት ነበርና ምን ማለቱ እንደሆነ ከሁሉ ይልቅ ገባት። ጠመንጃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠፍሩን ሳበችው፤ ጉልበቷን አስደግፋ ደግሞ ሳበችው፤ ቋጠረችው። ተነሥታ ትከሻዋ ላይ አዋለችው። ትንፋሿን ለቀቀች። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር።

ቅሉ ከድንጋዩ ላይ ጠፋ።

እልልታው ከሴቶቹ በኩል ተነሥቶ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ወጣ። ለእንዳላማው ግን ነገሩ ገና አላለቀም ነበር፤ ዓይኑ ከሰደፉ ላይ አልተነሣም። ያለምወርቅ ሦስተኛውን ጥይት አወጣችና ለአባ አስረከበች፤ ከዚያ ወደ ባዘዘው ሄዳ ከፊቱ ቆመች። ሰው ሁሉ እያየ የጠፍሩን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ቋጠሮው ተፈታ። ድብዳቡ እንደ ኮፍያ ወለቀ።

አባ ኪዳነ ማርያም መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩ። ብረቱን አዩ፣ ብሎኖቹን አዩ፣ አውራ ጣታቸውን በመስቀሏ ላይ አሳለፉ። «ያልተቆረጠች፣ ያልተበሳች፣ ያልተፋቀች» አሉና ለባዘዘው ሰጡት። ባዘዘው ወደ ፀሐዩ አዙሮ ብዙ አያት። ስንጥቋን ፈለጋት፤ አገኛት፤ በልጅነቱ እንደሚያውቃት ነበረች።

«ወንድሜ እንኳ እንዲህ አድርጎ አልያዛትም ነበር» አለ በመጨረሻ። ጠመንጃዋን በሁለት እጁ ይዞ ለያለምወርቅ መለሰላት። «እንኳን ደስ ያለሽ፣ እኅቴ። የአባቴ ጠመንጃ በቤትሽ ትኑር።»

ሰዉ መበተን ሲጀምር ባዘዘው ወደ እንዳላማው ጠጋ አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔም ቤት አንዲት አሮጌ አልቢን ጠመንጃ አለች። እሷም ትራገጣለች፤ ዕድሜም እየሄደ ነው» አለው።

ዘመናይ ከኋላ ሆና ሰምታለች። «ለአንተስ ከትከሻህ በፊት ለአፍህ ነበር ድብዳብ መሥፋት» አለችው። ባዘዘው ከሁሉም በላይ ሳቀ።

የእንዳላማው ሥራ የተመለሰው እንዲህ ነው። ወሬው ከሰው ሰው እየተላለፈ፣ ከመርጡለ ማርያምም ከደብረ ኤልያስም ሳይቀር ፈቃድ ያላቸው ገበሬዎችና የቤተ ክርስቲያን ጠባቂዎች ጠመንጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ይመጡ ጀመር። ለማልበስ ብቻ ሳይሆን ለማውለቅም ያመጡለታል። በማስቲሽ የተጣበቀ ጎማ ሲመጣለት አይጎትተውም፤ የእንጨቱን ዙሪያ በፕላስተር ይሸፍናል፣ ጎማውን በሞቀ ጨርቅ ያሞቀዋል፣ ከዚያ በሰም የታሸ ጅማት በመካከሉ አስገብቶ ወዲያና ወዲህ እያለ ይለየዋል። ብሎን ሲገጥመው አፉን በወስፌ ያጸዳል፣ በልኩ የሆነ ካቻቢቴ ይመርጣል፣ ለመፍታት መጀመሪያ ትንሽ ያጠብቀዋል፤ የዛገ ብሎን እንዲህ ሲሉት ይነቃል። አንዳንዱን የተማረው በሥራው ላይ ነው፤ አንዳንዱን ያበላሸው በገዛ ዱካው እግር ላይ እየሞከረ ነው። ዘመናይ ዱካው ላይ ያለውን ጭረት ለእንግዳ ታሳያለች።

አንድ ሕግ አለው። ማንም ድብዳብ ያሠራ ሰው በፊቱ አልብሶ፣ በፊቱ አውልቆ ካላሳየው ከሱቁ አያስወጣውም። «ጥሩ፣ እንደ ተሰጠችህ ናት» ይልና ይመርቀዋል።

ያለምወርቅ ቤት ምንሽሯ ከምሰሶው ላይ እንደ ተሰቀለች ነች፤ መስቀሏ ከበሩ ትታያለች። ድብዳቡ ብቻውን ከጎኗ ባለው ችካል ላይ ይንጠለጠላል። ዝንጀሮው ሲጮህ ወርዶ ይለበሳል፤ ሥራው ሲያልቅ ተፈትቶ ወደ ችካሉ ይመለሳል። እንዳላማው በዚያ ሲያልፍ ጎራ ይላል፤ ጠላ እስኪቀዳለት ሰደፉን በመዳፉ ያብሳል። ያለምወርቅ፣ ደግሞ ምን ሊያይ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እሱም፣ «ምንም» ይላታል፤ ምንም አለመኖሩን ነው የሚያየው።